ማጽናናት ከለቅሶ በፊት ሲጀመር

«ካንሰሩን የሚያጠፋ መድኃኒት ከእንግዲህ የለንም፤ ሆስፒስ ቢገቡ ይሻላል።» ሐኪሙ ይህን ሲል ብዙ ቤተሰብ የሚሰማው «ተስፋ ቆርጠናል» የሚለውን ነው። ሆስፒስ ግን ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። በሽታውን ማሳደዱ ይቀርና ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ጭንቀትን ማስታገስ ዋናው ሥራ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜም የሚሰጠው በሽተኛው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ላይ እንዳለ ነው።

ዘመናዊው ሆስፒስ የተወለደው ለንደን ውስጥ ነው። ነርስ የነበሩት ሲሲሊ ሳውንደርስ በሆስፒታል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆነው ሲያገለግሉ ዳቪድ ታስማ የተባለ፣ ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ በካንሰር ተይዞ ያገኛሉ። ሰውየው አርባ ዓመት ገደማው ነው፤ አጠገቡ ዘመድ የለውም። ከሥጋው ሕመም እኩል የሚያንገበግበው፣ ኖሮ ምንም ሳይፈይድ መሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላቸው፤ ወደፊት በሚሠሩት ቤት ውስጥ መስኮት እንዲሆንለት። ሳውንደርስ ከዚያ በኋላ ሕክምና ተምረው ሐኪም ሆኑ፤ በ1967ም ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈቱ። የታስማ መስኮትም አልቀረም።

ሳውንደርስ ከእሱና ከሌሎች በሽተኞች የተማሩትን «ሁለንተናዊ ሕመም» ብለው ሰየሙት። የሥጋ ሕመም፣ የስሜት ጭንቀት፣ የቤተሰብና የኑሮ ሐሳብ፣ የመንፈስ ጥያቄ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ሞርፊን እየተሰጠው ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድር ሰው፣ እንቅልፍ የነሳው ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ መሞቱ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ከመጨመር በፊት ወንድሙን መጥራት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በሆስፒስ ቡድን ውስጥ ከሐኪምና ከነርስ ጎን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የመንፈስ አገልጋይ የሚሰለፉት ለዚህ ነው።

በእኛ ዘንድ የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ንስሐ ለመናገር አንደበት፣ ሥጋ ወደሙ ለመቀበልም መዋጥ መቻል ያስፈልጋል። ስለዚህ አስታማሚው ነርሷን «መዋጥ የሚያቅተው መቼ ይመስልሻል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ሙስሊም ቤተሰብም በሽተኛው ሸሃዳውን በአንደበቱ እንዲል የሚመኝ ከሆነ ማስታገሻው እንዳያደነዝዘው ከሐኪሙ ጋር ሊመክር ይችላል፤ ሰዓቱንና መጠኑን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ሞርፊን የሚለው ስም ራሱ ያስፈራል፤ ሱስ ያስይዛል፣ ሞትን ያፈጥናል ይባላል። በባለሙያ ተለክቶ ለሕመም ሲሰጥ ግን ሁለቱም ስጋቶች አነስተኛ ናቸው። ኡጋንዳ ይህን በተግባር አሳይታለች። ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ከመሠረቱ በኋላ የሞርፊን ዱቄት በውኃ እየተበጠበጠ፣ በጠርሙስ እየተሞላ በሚጠጣ መልክ ለበሽተኞች ቤት ድረስ መድረስ ጀመረ፤ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችም እንዲያዙት ሕጉ ፈቀደ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ቤት ለቤት እያሰማራ በሽተኞችን ይጎበኛል።

ከሁሉ የሚከብደው እውነቱን መናገር ነው። በባህላችን ክፉ ዜና ሥርዓት አለው፤ መርዶ በማታ አይነገርም፤ ቅርብ ዘመድ ንጋትን ጠብቆ ያረዳል። ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክፉ የሕክምና ዜና አስቀድሞ ለቤተሰብ እንዲነገር የሚፈልገው ባህል ለበሽተኛው በቀጥታ መናገርን ከለመዱት ሐኪሞች ጋር እንዴት እንደሚጋጭ አስረድተዋል። መፍትሔው በሽተኛውን ገና በጠዋቱ መጠየቅ ነው፦ «ስለ ሕመምዎ ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለማን እንንገር?» «ለልጄ ንገሩት» ካሉ ምርጫው የራሳቸው ነው። ሳይጠየቁ ከተደበቀባቸው ግን ለመናዘዝ፣ ለመታረቅ፣ ለመሰናበት የነበራቸው ጊዜ ሳያውቁት ያልፋል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነት ምግብ አይፈልግም። «አንዲት ጉርሻ ብቻ» ብሎ መለመን ከፍቅር ቢመጣም ትን ሊያሰኝ ይችላል፤ በእርጥብ ጥጥ ከንፈርን ማርጠብ ይሻላል። ድምፅ ደግሞ ከታሰበው በላይ ዘልቆ የሚደርስ ይመስላል። የካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ መልስ መስጠት ያቆሙ አንዳንድ የሆስፒስ በሽተኞች አንጎል ለድምፅ ምላሽ ሲሰጥ መዝግበዋል። ትርጉሙን መረዳታቸው ባይረጋገጥም፣ አልጋው አጠገብ ስለ ቀብር ወጪ ከመከራከር መዝሙረ ዳዊት መድገም ወይም ያሲን መቅራት ይመረጣል።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሆስፒስን ወጪ የሚሸፍነው በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ የበሽተኛው ቀሪ ዕድሜ ከስድስት ወር እንደማይበልጥ ሐኪሞች ሲያረጋግጡ ነው። በሽተኛው ከዚያ በላይ ከኖረ ማረጋገጫው ይታደሳል፤ ሐሳቡን ከቀየረም መውጣት ይችላል። ከሞት በኋላም ሆስፒሱ ሐዘንተኛውን ቤተሰብ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የመከታተል ግዴታ አለበት፤ ይህም እስከ ሙት ዓመቱ መሆኑ ነው። እድርተኛው ድንኳኑን ነቅሎ፣ ለቅሶ ደራሹ ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል ከሆስፒሱ የሚደወለውን ስልክ ብዙ የኛ ሰዎች «ደህና ነን» ብለው ይዘጉታል። እንቅልፍ የነሳውን፣ ምግብ የዘጋውን፣ ሥራ መመለስ ያቃተውን የቤተሰብ አባል ለደዋዩ በግልጽ መናገር የአገልግሎቱ አካል ነው።