የአሮጌ መኪና የፍሬን ዕቃ በመጠነኛ ዋጋ ስለማግኘት

ለቢቸናና ለሞጣ ነጋዴዎች፣ ለመለዋወጫ አስመጪዎችም የቀረበ

ነጋዴ ሸቀጡን ከገዛበት ቦታ አንሥቶ ወደሚሸጥበት ቦታ በደኅና ካላደረሰ በቀር ንግዱ ተፈጸመ ሊባል አይችልም። እኛ ነጋዴዎችና የነጋዴ ቤት ጸሐፊዎች ስንገናኝ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ግብርና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብዙ እንነጋገራለን። ሸቀጡንና ሰውን ተሸክሞ ቁልቁለት ስለሚወርደው መኪና ፍሬን ግን የምንነጋገረው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከአደጋ በፊት ለማንሣት የተጻፈ ነው።

አሠሪዬ አንድ ሱቅ በቢቸና፣ አንድ ሱቅ ደግሞ በሞጣ አላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለሱት ከአባታቸው በወረሷት ባለ ሁለት በር አሮጌ ቮልስዋገን ነው። አንድ ቀን የሞጣን ሒሳብ ዘግተን ስንመለስ፣ እኔ የሒሳቡን መዝገብ በጉልበቴ ላይ አድርጌ በአጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ደብረ ወርቅ ከመድረሳችን በፊት ባለው ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። አሠሪዬ ሳይደነግጡ ማርሹን ዝቅ አደረጉ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ እያሉ ሳቡ፤ መኪናዋም ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር ተጠግታ ቆመች። በዚያን ሰዓት ከፊታችን የገበያ ሰዎች አህዮቻቸውን እየነዱ ይሄዱ ነበር። ፍጥነታችን ጥቂት ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልበቃሁ ነበር።

መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ሲያይ በኋላ ጎማ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጎሚኒ ተሰንጥቆ የፍሬኑ ዘይት ፈስሶ አልቋል። «ጋሼ፣ ይህች መኪና የድሮ ስለሆነች የዘይቱ መንገድ አንድ ብቻ ነው። በአንድ ጎማ በኩል ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል» ብሎ አስረዳቸው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መኪኖች የዘይቱ መንገድ በሁለት የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢፈስስ ሁለተኛው በመጠኑ ያቆማል። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

የጠፋው ዕቃ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ጥቂት ጎማ ነው። እኛ ግን ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። እኔ ራሴ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደውዬ «የቮልስዋገን የፍሬን ጎሚኒ» ብዬ አዘዝሁ። የመኪናዋን የሥራ ዘመን አልነገርሁም፤ የትኛው ጎማ እንደሆነም አልነገርሁም፤ ሻጩም አልጠየቀኝም። ዕቃው ሲደርስ ለፊት ጎማ የሚሆን ባለ 22.2 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የእኛ የኋላው ሲሊንደር ግን 19.05 ሚሊሜትር ነበር። እንደገና ልኩን ጽፈን ብንልክ ትክክለኛው ዕቃ ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በጥቂት ዋጋ ተገዝቶ መጣ። በእነዚያ ቀናት ለኪራይ መኪና የከፈልነው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን አልሸሸግሁትም።

ነገሩ ዛሬ ለምን ይበልጥ ያሳስባል

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ በብር ሲቆጠር ከፍ አለ። ከዚህም ሌላ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን በርክቷል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ሲታዩ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል የምንገደድ መሆናችንን ያስረዳሉ። መኪናው ሲያረጅ ሞተሩ ቢደክም ሰው በመንገድ ይቀራል፤ ፍሬኑ ቢደክም ግን ሰው ይሞታል።

ፍሬኑን የሠራው ማን ነው

በውጭ አገር አሮጌ የስፖርት መኪና የሚይዙ ሰዎች ከብዙ ጊዜ በፊት የተረዱት አንድ ብልኃት አለ። የስፖርት መኪና ጥቂት ብቻ ስለሚሠራ በስሙ የሚሸጠው መለዋወጫ ውድ ነው። ነገር ግን የመኪና ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ፍሬኑን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ፍሬን ከሚሠሩ ሌሎች ፋብሪካዎች ይገዙታል። የእንግሊዙ ኤምጂ የሎክሂድን፣ ትራያምፍ ደግሞ የገርሊንግን ፍሬን ይገጥሙ ነበር። የጀርመኑ አቴና ቤንዲክስም እንዲሁ ለብዙ ፋብሪካዎች ያቀርቡ ነበር። ስለዚህ ብልኅ ገዢ «የዚህ የስፖርት መኪና ፍሬን አለ ወይ» ብሎ አይጠይቅም። በዕቃው ላይ የተቀረጸውን የሠሪውን ስምና ቁጥር አንብቦ፣ ያው ዕቃ በየትኛው ተራ መኪና ላይ እንደሚገኝ ይፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ካርማን ጊያ የተባለው የስፖርት መልክ ያለው መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ድረስ የተሠራ ሲሆን፣ ውበቱ ሌላ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ሻንሲ የቮልስዋገን ነው፤ ብዙው የፍሬን ዕቃም ከእርሷ ጋር የጋራ ነው። ቮልስዋገን ደግሞ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች፣ በሜክሲኮም እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ስትሠራ የቆየች ስለሆነች ዕቃዋ እስከ ዛሬ በአዲስነት ይመረታል።

ይሁን እንጂ መመሳሰል አንድነት አይደለም። በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን በታክሲነት ያገለገለችው ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደች መሆኗ ይታወቃል። ፊያቱ ግን በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ሲኖረው ላዳዋ ከኋላ የተገጠመላት ታምቡር ነው። ዘመድ ናቸው ብሎ የአንዷን የኋላ ፍሬን ለሌላዋ የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል።

ከማዘዝ በፊት ሊጻፍ የሚገባው

እኛ ከጥፋታችን በኋላ ለቤታችን ያወጣነው ሥርዓት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የመኪናው የሻንሲ ቁጥርና የተሠራበት ዓመት ይጻፋል። በሁለተኛ የፊት ወይም የኋላ፣ የቀኝ ወይም የግራ መሆኑ ይለያል። በሦስተኛ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት በካሊፐር ይለካል፤ በአሮጌው ጎሚኒ ላይ የታተመ ቁጥር ካለም ይገለበጣል። ብዙ አሮጌ ሲሊንደሮች በኢንች የተሠሩ ስለሆኑ 19.05 ሚሊሜትር ማለት ሦስት አራተኛ ኢንች መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በአራተኛ የፍሬን ሸራው ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ይለካል፤ ቢቻል አሮጌው ዕቃ ራሱ ለናሙና ይላካል፤ ካልሆነም ከማስመሪያ አጠገብ አስቀምጦ ፎቶግራፉን መላክ ይበቃል።

በአምስተኛ የቱቦው ጥርስ ይጣራል። የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ መኪኖች በአብዛኛው በኢንች የተቆረጠ ጥርስ ሲኖራቸው የጀርመንና የጣሊያን መኪኖች 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሜትሪክ ጥርስ አላቸው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በኃይል ሲታሰሩ ጥቂት ዙር ይገባሉ፤ ፍሬን በተረገጠ ጊዜ ግን ይለቃሉ።

የት ይቆጠባል፣ የትስ አይቆጠብም

አንዳንድ ዕቃ በአገር ውስጥ ሥራ በርካሽ ሊታደስ ይችላል። የሸራው ብረት ያልተጣመመ ከሆነ አዲስ ሸራ ሊለብስ ይችላል፤ ብቻ ሪቬቱ ከሸራው ፊት ጠልቆ መግባት አለበት። የተቦረቦረ ታምቡር በቶርኖ ቤት ሊላግ ይችላል፤ ነገር ግን በታምቡሩ ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ ስፋት ማለፍ አይፈቀድም። ታምቡር በሳሳ ቁጥር ሙቀትን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ መሰንጠቅም ይጀምራል። ዝገት የበላው ሲሊንደርም ጥሩ ባለሙያ ካለ በውስጡ አዲስ እጀታ ሊገባለት ይችላል።

በጎሚኒ፣ በጎማ ቱቦና በፍሬን ዘይት ግን መቆጠብ አይገባም። ካገለገለ መኪና ላይ የወለቀ ጎሚኒ ወይም የጎማ ቱቦ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብ፤ ያብጣልና። የሞተር ዘይትም ወደ ፍሬን ከቶ አይጨመር። ሸራ ሲለወጥ የቀኙና የግራው በአንድነት ይለወጥ፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የአሮጌ ሸራ ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ስለ ፍሬን ዘይት በተለይ የሚባል አለ። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት አይፈላም፤ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ። ነገር ግን ዘይቱ ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለሆነ፣ ወደ 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት ዶት 3 በ140፣ ዶት 4 በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሆነ ለዘይት ከባድ ፈተና ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ለሚወጣ ነጋዴ መንገዱ ዳገት ቢሆንም ሲመለስ ያው ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ የተከፈተው አዲሱ ድልድይ መሻገሪያውን አሻሽሎታል፤ ቁልቁለቱን ግን አላስቀረውም። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ አይገዛ፤ ቁልቁለቱም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ይወረድ።

ለባለሱቆችና ለአስመጪዎች

የቢቸና ነጋዴ መለዋወጫ ሲፈልግ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ያያል፤ የሞጣው ደግሞ ወደ ባሕር ዳር። ሁለቱ ቢነጋገሩ አንዱ ያላገኘውን ሌላው ሊያገኝ ይችላል። የሁለቱ ከተማ ባለሱቆች በአካባቢያቸው የሚመላለሱትን መኪኖች ዓይነትና ዘመን መዝግበው፣ ቶሎ የሚያልቁትን ማለትም ጎሚኒን፣ ሸራን፣ የጎማ ቱቦንና የታሸገ ዘይትን በኅብረት ቢያዝዙ የማጓጓዣው ወጪ ይከፈላል፣ ብዙ ገንዘብም በመደርደሪያ ላይ ታስሮ አይቀመጥም። መንገድ በተዘጋ ጊዜም ዕቃው በአገሩ ይገኛል።

አስመጪዎች ደግሞ ዕቃውን በመኪና ስም ብቻ ሳይሆን በልኩና በሠሪው ቁጥር ለይተው ቢያቀርቡ ለገጠር ከተማ ባለሱቅ ታላቅ ርዳታ ነው። የፍሬን ሸራና ፓስቲካ ሲገዙ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 መሠረት የተፈተነ መሆኑን የሚያመለክተውን፣ በክብ ውስጥ ኢ የሚባለው የላቲን ፊደል ከአገር ቁጥር ጋር የተጻፈበትን ምልክት ይመልከቱ። ምልክትም ቢሆን በሐሰት ሊታተም ስለሚችል ደረሰኝ ከማይሰጥ ሻጭ ባይገዙ ይመረጣል። ደረሰኝ የማይሰጥበት ፍሬን ባለቤት የሌለው ፍሬን ነው።

አሠሪዬ ዛሬም በዚያችው ቮልስዋገን ይመላለሳሉ። በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ የመኪናዋ የፍሬን ልኮች ሁሉ የተጻፉበት አንድ ወረቀት ከሱቁ ውል ጋር አብሮ ተቀምጧል። ወረቀቱን ለማዘጋጀት የፈጀብን ግማሽ ቀንና አንድ ካሊፐር ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ ለመኪናው ይህን የመሰለ ወረቀት ዛሬውኑ ቢያዘጋጅ፣ ነገ ዕቃ በሚያስፈልገው ጊዜ ገንዘቡን ያተርፋል፤ በመንገድ ላይ የሚያገኘው ሰውና አህያ የሚነዳው ገበሬም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።