ምግቡ መድኃኒት፣ ቤቱ ሐኪም ቤት

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ፣ ስሙን ከከብት ማረጃው ባገኘው በቄራ ሰፈር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ ሐሙስ ሐሙስ ይቀራል። ሁለት ጊዜ በዝምታ አለፍነው። በሦስተኛው ግን አርብ ጠዋት በክፍሉ ፊት አቁመን ገሠጽነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «ቲቸር፣ እማዬ እኅቴን ጤና ጣቢያ ስትወስዳት ጉሊቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፕላምፕኔት የሚሰጡት ሐሙስ ነው» አለን። ያፈርነው እኛ ነን።

ታዲያ ይህ በየሳምንቱ የሚታደለው ነገር ምንድን ነው? ከየትስ መጣ? ብለን ጠየቅን፤ አነበብንም። ያገኘነውን ለሰልጣኝ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እነሆ እንላለን።

እንደሚታወቀው፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ያየ ሰው ሁሉ «አብሉት እንጂ!» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ሥጋ እየበላ ይቆያል፤ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ በሽታን የመከላከል ኃይልም ይደክማል። እንዲህ የሆነ ልጅ ድንገት ብዙ ቢመገብ ልቡ ሸክሙን ላይችለው፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህም ሕክምናው ለብዙ ዘመን ተኝቶ የሚሰጥ ነበር። በሰዓት እየተለካ የሚሰጠው ልዩ ወተት በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ አለበት። እናትየዋም ሌሎቹን ልጆች ለጎረቤት ትታ ሳምንታት ከታመመው ጋር ትቆያለች። በረሃብ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ስለሚታጨቅ የአንዱ ተቅማጥ ለሌላው ይተርፋል።

ይህን ችግር በዓይናቸው አይተው መፍትሔ ከፈለጉት ተመራማሪዎች አንዱ ዶክተር ስቲቭ ኮሊንስ ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1992 በሶማሊያ፣ በባይዶአ ከተማ በረሃብ የተጎዱ አዋቂዎችን ያክሙ ነበር። እያከሙም ክብደትና ቁመት ይመዘግቡ ነበርና ውጤቱን በ1995 አሳተሙ። ይኸውም፣ ሰው ከዚህ በኋላ አይተርፍም ይባል ከነበረው የክሳት ደረጃ በታች የወረዱ ሰዎች እንኳ፣ ተገቢው እንክብካቤ ከተደረገላቸው ሊድኑ እንደሚችሉ የሚያሳይ ነበር።

በዚያው ዘመን፣ በ1996 አካባቢ፣ ፈረንሳዊው ዶክተር አንድሬ ብሪያንና ባልደረቦቻቸው ከለውዝ ቅቤ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚንና ማዕድናት የተቀመመ ምግብ ሠሩ። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ዋናው ብልሃት ግን ውሃ የሌለው መሆኑ ነው። ውሃ ስለሌለው ጀርም እንደ ልቡ አይራባበትም፤ መበጥበጥም መቀቀልም አያሻውም። ሕፃኑ ከከረጢቱ እየጨመቀ ይበላዋል። የእኛው ተማሪ ፕላምፕኔት ያለው ይኸው ነው።

የሁለቱ ሐሳብ የተገናኘው በአገራችን ነው። በ2000፣ ማለትም በ1993 ዓ.ም. መግቢያ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሐድያ ዶክተር ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው ሕፃናቱን ከማስተኛት ይልቅ በየቤታቸው ማከም ጀመሩ። አሠራሩም ይህ ነው፦ ልጁ ይመረመራል፤ ምግቡ ይቀመስለታል። በፍላጎት ከበላና ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለበት የሳምንቱን ድርሻ ይዞ ከእናቱ ጋር ይመለሳል። ካልበላ ወይም ከታመመ ግን ሐኪም ቤት ይተኛል። በዚያ ጥናት ከተመዘገቡት 170 ሕፃናት 144ቱ ዳኑ፤ 7ቱ ሞቱ። በኋላም በ2006 በታተመው ጽሑፋቸው ከኢትዮጵያ፣ ከማላዊና ከሱዳን የተሰበሰበ የ23,511 ሕፃናት መዝገብ ቀረበ፤ ከመቶ 79ኙ ያህል ድነዋል። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር አሠራሩን ደገፉት። በአገራችንም ከ2008 ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ወረደ።

ልብ በሉ! ይህን ሁሉ ሥራ የሚያስጀምረው መሣሪያ አንድ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ሕክምና ያሻዋል ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ በዚሁ ሙያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገብቶአል። ዌልት ሁንገር ሂልፈ የተባለው የጀርመን ድርጅት በሕንድ አገር የሕፃንን ቁመት በስልክ ካሜራ ለመለካት ሞክሮአል። መኪናው የሚማረው እንደ ተማሪ ነው፤ በሰው እጅ በትክክል የተለኩ የሺህ ሕፃናት ምስል ይታየዋል፤ ከዚያ ለአዲሱ ልጅ ይገምታል። ታዲያ ለኪው ካጭበረበረ መኪናውም ስሕተቱን ይማራል። ትክክል ቢገምትስ? ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ፣ ከረጢቱም ካለቀ፣ ለእናትየዋ ምን ይረባታል? የዶክተር ኮሊንስ ሥራ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው። የዳነው ሕፃን የዳነው ምግቡ ስለተገኘ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናው የእናቱን ኑሮ አይቶ ወደ ቤቷ ስለሄደ ነው።

እኛስ? ሐኪሞች አይደለንም፤ ካሜራም የለን። ግን የስም መጥሪያ መዝገብ በእጃችን ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ሐሙስ ሐሙስ የሚሠፈረው የቀሪ ምልክት እኮ አንድ ነገር እየነገረን ነበር፤ ያላነበብነው እኛ ነን። ስለዚህ ነገ ክፍል ስንረከብ፣ የቀረውን ልጅ ከመገሠጻችን በፊት ለብቻው ጠርተን «ቤት ደኅና ናችሁ?» እንበለው። ታናናሾች ካሉትና ከከሱ ወይም እግራቸው ካበጠ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንምራት።

ያንን ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ይቅርታ ጠየቅነው። ሐሙስ ያመለጠውን ሒሳብም አርብ አርብ በዕረፍት ሰዓት አብረነው እንሠራ ጀመር።