ኮሶ፦ ከመድኃኒትነት ባሻገር

በአማርኛ «ኮሶ» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን ይጠራል፤ ዛፉን፣ ከአበባው የሚዘጋጀውን መራራ መድኃኒትና መድኃኒቱ የሚያስወጣውን የአንጀት ትል። በዚህ ጽሑፍ የዛፉን ጠባይ፣ ጥቅሙንና የተጋረጠበትን አደጋ በአጭሩ እንመለከታለን።

ኮሶ በሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ይባላል። የጽጌረዳ ቤተሰብ አባል ሲሆን በወገኑ ውስጥ ብቸኛው ዝርያ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋዎችና በስሜን ተራሮች፣ ከጽድ ደን ከፍ ብሎ ከአስታ ቀጠና ዝቅ ባለው ስፍራ ይበቅላል። ወንዴና ሴቴ አበቦች በተለያዩ ዛፎች ላይ ይወጣሉ፤ ቀላ ያለው የሴቴዋ የአበባ ዘለላ ለመድኃኒትነት ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ኮሶን ለአውሮፓውያን አስተዋወቀ። በ19ኛው መቶ ዘመንም አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል? የኮሶ ትል እጭ በበሬ ሥጋ ውስጥ ይኖራል፤ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ሲገባ በራሱ ተጣብቆ ብዙ ሜትር ይረዝማል። በአበባው ያሉት እንደ ኮሶቶክሲን ያሉ ንጥረ ነገሮች የትሉን ጡንቻ ያሽመደምዳሉ፤ ሆድን የማስቀመጥ ባሕርይውም ትሉን ጠርጎ ያወጣል። ራሱ ከቀረ ግን ትሉ እንደገና ያድጋል። መጠኑ ከበዛ ኮሶ የዓይን ብርሃንን ሊያጠፋና ለሞት ሊዳርግ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልካቸው የታወቁት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ይመረጣሉ።

ኮሶ ግን መድኃኒት ብቻ አይደለም። ቀይ ቡናማ እንጨቱ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል፤ ዛፉን ለመጥረቢያ የዳረገውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች ውስጥ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር።

ይሁን እንጂ መጥረቢያን መከልከል ብቻውን አይበቃም። የሴቴዋ ዘለላ ሁሉ ዘር ሳይዝ ከተለቀመ ዛፉ አይተካም፤ ወንዴው «አይጠቅምም» ተብሎ ከተቆረጠም ሴቴዋ ያለ ብናኝ ትቀራለች። የበቀለውንም ችግኝ ከብት ይግጠዋል። እንግዲህ ኮሶን ለትውልድ ለማቆየት ከየዛፉ ጥቂት ዘለላ ለዘር መተው፣ ወንዴውን ከሴቴዋ ጋር መጠበቅና ችግኙን ማጠር ያስፈልጋል እንላለን።