ረግረጉ በራሱ ሰዓት

በጁላይ እኩለ ቀን ላይ ሜሪላንድ ወዳለው ብላክዋተር ረግረግ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሙቀትና ዝንብ ነው። መኪናውን አቁሞ ዙሪያውን ያማትራል። እስከ አድማስ የተዘረጋ ሣር፣ በመካከሉ የማይነቃነቅ ቡናማ ውሃ፣ ራቅ ብሎ ቆመው የደረቁ ጥዶች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "ምንም የለም" ብሎ ሞተሩን ያስነሣል። ይህም ቢሆን ከመጡት ወገን ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ከዋሽንግተንና ከሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቻቸውን ጭነው፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግረው ወደ ኦሽን ሲቲ የሚነጉዱት አብዛኞቹ ቤተሰቦቻችን ካምብሪጅ ከተማ ላይ ወደ ቀኝ ቢታጠፉ በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ምን እንዳለ ሳያውቁ ነው የሚያልፉት።

ረግረጉ ባዶ አይደለም፤ እንግዳው የመጣው ባለቤቶቹ በማይገኙበት ሰዓት ነው። እዚህ ቀኑን የሚከፋፍሉት የፀሐይ መውጫና መግቢያ፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት፣ አንዳንዴም ጨረቃ ናቸው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ የጎደለው ውሃ ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይጎድላል። የየቦታውን ሰንጠረዥ የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በነጻ ያወጣል። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት እሱን ማየት ውድ የርቀት መነጽር ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል።

ብላክዋተር በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በሜሪላንድ ግዛት ዶርቸስተር በተባለው አውራጃ የሚገኝ፣ ወደ 12 ሺህ ሄክታር የሚሰፋ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። የተከለለው በ1933 ሲሆን ዓላማውም ከሰሜን ለሚሰደዱ ዳክዬዎች ማረፊያ መሆን ነበር። ባሪያዎችን ከባርነት በማስመለጥ የታወቀችው ሃሪየት ተብማን የተወለደችው እዚሁ አውራጃ ነው፤ በልጅነቷም በዚህ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ እየገባች መስክራት ለሚባለው የረግረግ እንስሳ የተጠመደ ወጥመድ እንድትቃኝ ትላክ ነበር። የደረቁት ጥዶች ደግሞ ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። ባሕሩ ከፍ እያለ፣ መሬቱም ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ጨዋማው ውሃ ሥራቸው ድረስ ደርሶ ነው የገደላቸው። ለፀጉሩ ሲባል ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ኑትሪያ የሚባለው ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳም የሣሩን ሥር እየበላ ጥፋቱን አባብሶት ነበር። ብዙ ዓመት ከፈጀ ዘመቻ በኋላ ከአካባቢው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ የተነገረው በ2022 ነው። ያም ሆኖ የደረቀ ዛፍ ሁሉ ኪሳራ አይደለም። ማለዳ መጥተው ጫፋቸውን አንድ በአንድ ቢቃኙ፣ ራሰ ነጩን የአሜሪካ ንስር ከነዚህ በአንዱ ላይ ተቀምጦ ማግኘት ብርቅ አይሆንም።

የሰመሩ ዋና ባለጉዳይ ግን ኦስፕሬይ ነው። ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ አዳኝ አሞራ ነው። ምግቡ ዓሣ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በውሃው መካከል በተተከለ ምሰሶ ላይ የጭራሮ ክምር ካዩ የርሱ ጎጆ ነው፤ ጎጆው ከሩቅ ስለሚታይ ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል ወፍ የለም። አደኑን ለማየት ማለዳ ላይ አንድ ቦታ መርጦ መቀመጥ ያስፈልጋል። ወፉ አየር ላይ ክንፉን እያማታ ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያ እግሩን አስቀድሞ ይወረወራል። ውሃው ውስጥ ጠልቆ ሲወጣ እንደምንም ተንገዳግዶ ይነሣል፣ አየር ላይ እያለ ላባውን ያራግፋል። አሁን እግሩን ልብ ብለው ይመልከቱ። ውጫዊ ጣቱን ወደ ኋላ ማዞር ስለሚችል ዓሣውን ሁለት ጣት ከፊት፣ ሁለት ጣት ከኋላ አድርጎ ይይዘዋል፤ መዳፉ ሥር ያሉት ሹል ቅንጣቶች የሚያሙለጨልጨውን ቆዳ ይቆነጥጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ዓሣውን አዙሮ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ያደርገዋል፤ ነፋስ እንዳይከብደው ነው። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱን ራሱ በልቶ ነው ቀሪውን ወደ ጎጆ የሚያደርሰው። ሚስቱ ታውቃለች፤ ስትጮህ ይሰማል።

ይህ ወፍ ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚህ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ጠላቱ ዲዲቲ ነው፤ እኛ አገር ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ የምናውቀው ያው መድኃኒት። በእርሻና በረግረግ ላይ የተረጨው ወደ ውሃ ይገባል፣ ከትንንሽ ነፍሳት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፉ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ወፉን ወዲያው አይገድለውም። የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳዋል፤ እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥበት ከሥሯ ይሰበራል። ይህን ጉዳት ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ የጻፈችው የባዮሎጂ ባለሙያዋ ሬቸል ካርሰን ናት። መጽሐፏ በ1962 ወጣ፤ የጻፈችውም ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤትና ገበያ በሞላበት በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በነበረው ቤቷ ውስጥ ነው። እሷ በ1964 አረፈች፣ ዲዲቲ በአሜሪካ የታገደው በ1972 ነው። ዛሬ ቼሳፒክ በዓለም ላይ ኦስፕሬይ በብዛት ከሚራባባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ነገሩ ግን አልተዘጋም። በቅርብ ዓመታት በባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ክፍል ጫጩቶች በጎጆ ውስጥ በረሃብ መሞታቸው፣ ሜንሃደን የሚባለውን ዓሣ በሚያጠምዱ ድርጅቶችና በተመራማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

ውሃው ሲጎድል ዓይንዎን ከሰማይ ወደ ጭቃ ያውርዱ። ከባሕሩ አጠገብ ባለው ጨዋማ ረግረግ፣ ለምሳሌ በአሳቲግ ደሴት ጀርባ፣ ጭቃው ጣት በሚያስገቡ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። ሲደርሱ አንድም ነገር አይኖርም፤ የእግርዎን ኮቴ ሰምተው ገብተዋልና። ዝም ብለው ይቁሙ። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ከየቀዳዳው ትንንሽ ሸርጣኖች ብቅ ብቅ ይላሉ። ፊድለር ይሏቸዋል። ሴቷ ሁለት ትንንሽ መቆንጠጫ አላት፣ በሁለቱም እያፈራረቀች ጭቃ ወደ አፏ ትወስዳለች። ወንዱ ግን አንዱ መቆንጠጫው ከመጠን በላይ ስላደገ ለመብያ አይሆነውም፤ በቀረው አንድ እጅ ብቻ ይመገባል፣ ትልቁን ወደ ላይ እያወዛወዘ ሴት ይጠራል፣ ከጎረቤቱም ጋር ይገፋፋበታል። በቀዳዳው ዙሪያ የተበተኑትን የጭቃ እንክብሎች ጎንበስ ብለው ይዩ። ደቃቆቹ ምግቡ ተመጥጦ የተተፉ ናቸው፤ ተለቅ ያሉት ጉድጓዱ ሲቆፈር የወጡ።

እዚያው ጨዋማውን ረግረግ የሸፈነው ስፓርቲና የሚባል ሣር ነው። ቅጠሉን በጣትዎ ዳሰስ አድርገው ቢቀምሱ ጨው ጨው ይላል፤ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ በኩል ያወጣዋልና። በአገዳው ላይ አውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈው ይታያሉ። ውሃው ሲሞላ ሰማያዊው ሸርጣን ሊበላቸው አብሮ ስለሚገባ እነሱ ወደ ላይ ይወጣሉ። ነገር ግን ሽሽት ብቻ አይደለም ሥራቸው። ቅጠሉን በምላሳቸው እየፋቁ ያቆስሉታል፣ በቁስሉ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፣ ተመልሰው ሻጋታውን ይበላሉ። በኔ ግምት በዚህ ረግረግ ካለው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ሰው ግን ንስር ፍለጋ ቀና ብሎ ስለሚሄድ አያየውም።

ሰመሩ ገና ሲገባ፣ በሜይና በጁን ወራት፣ ሙሉ ጨረቃ ወይም አዲስ ጨረቃ በሆነበት ሌሊት ደግሞ ሌላ ጉዞ አለ። ከዋሽንግተን ወደ ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው በደላዌር ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ እንደ ስሎተር ቢች ባሉ ቦታዎች፣ ውሃው በሚሞላበት ሰዓት ሆርስሹ ክራብ የሚባሉት ፍጥረታት እንቁላል ለመጣል በመቶዎች ይወጣሉ። ስማቸው ሸርጣን ቢልም ለጊንጥና ለሸረሪት ይቀርባሉ። ዘራቸው ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቷል፣ ማለትም ዳይኖሰር ሳይመጣ ነበሩ፣ ዳይኖሰር ከጠፋም በኋላ አሉ። ደማቸው ሰማያዊ ነው። ከዚያ ደም የሚዘጋጅ ንጥረ ነገር ክትባትና በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች በባክቴሪያ መርዝ አለመበከላቸውን ለመመርመር ያገለግላል፤ አሁን በላቦራቶሪ የሚሠራ ምትክ እየተለመደ ነው። እንቁላላቸውን ተከትላ ሬድ ኖት የምትባል ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነሥታ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ስትጓዝ እዚህ ታርፋለች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቷን እጥፍ ታደርጋለች። ማዕበል ገልብጦት የሚንፈራገጥ ሆርስሹ ክራብ ካገኙ የቅርፊቱን ጠርዝ ይዘው ይመልሱት። ጅራቱን አይያዙ፤ ይጎዳል። እሱ ግን ሰው አይነድፍም፣ አይናከስም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ መዥገር። በረግረጉ ዙሪያ ባለው ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ሞልቷል። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ ቤት ሲገቡ የልጆችን ብብትና ከጆሮ ጀርባ ይፈትሹ። አንደኛው ዓይነት ላይም የተባለውን በሽታ ያመጣል። ሴቷ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ያላት ሌላኛው ዓይነት ደግሞ በነከሰችው ሰው ላይ የቀይ ሥጋ አለርጂ ልታስከትል ትችላለች። ሰውየው ሥጋ በልቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሰውነቱ ያብጣል፣ ያሳክከዋል፣ ሲብስም ትንፋሽ ያጥረዋል። ክትፎ ወዳድ ለሆነ ሕዝብ ከዚህ የባሰ ማስፈራሪያ አላውቅም።

አሁን ከረግረጉ ወደ ቤታችን ጓሮ እንመለስ። የጓሮው ሰዓት የተክሉ ነው፤ የትኛው ተክል መቼ እንደሚያቆጠቁጥ ያወቀ ማን መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ለቡና ብለው ጤና አዳም በገንዳ የተከሉ ወይዘሮዎች በጁላይ አንድ ቀን ቅጠሉ ተመልጦ ያገኙታል። ጠጋ ብለው ካዩት አገዳው ላይ አረንጓዴ፣ በጥቁር መቀነት የተቀነተ፣ መቀነቱ ላይ ቢጫ ነጥቦች ያሉት ፀጉር አልባ አባጨጓሬ አለ። በጣት ነካ ሲያደርጉት ከጭንቅላቱ ጀርባ ባለ ሹካ ብርቱካናማ ቀንድ ይመዛል፤ ቀንዱ ክፉ ሽታ አለው። ይህ ብላክ ስዋሎውቴይል የሚባለው ትልቅ ጥቁር ቢራቢሮ ልጅ ነው። እንስላልና ፓርስሌም ይበላል፣ ግን ጤና አዳምን አይንቅም። ትንሽ ሳለ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ስለሚመስል ወፍ አይነካውም። መድኃኒት አይርጩበት። አንድ ሁለት ተጨማሪ ገንዳ ቢተክሉ ለእሱም ለጀበናውም ይበቃል።

ቲማቲሙና ቃሪያው ላይ የሚወጣው ጣት የሚያህል አረንጓዴ ትል ጉዳዩ ይለያል፤ መጨረሻው ላይ ቀይ ቀንድ ያለው እሱ በአንድ ሌሊት ቅርንጫፍ ያራቁታል። ለቅሞ መጣል ነው። ነገር ግን ጀርባው ላይ ነጫጭ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ተሰክተው ካዩ ይተዉት። በትል ሥጋ ውስጥ ያደጉ የጥቃቅን ተርቦች መጠቅለያዎች ናቸው፤ ትሉ ከእንግዲህ ብዙም አይበላም፣ ከመጠቅለያው የሚወጡት ተርቦች ደግሞ ሌሎቹን ትሎች ያጠፉልዎታል።

ብዙ ሰው ሊያይ የሚጓጓው ሃሚንግበርድን ነው። በዚህ አካባቢ ያለው ባለ ቀይ ጉሮሮው ዓይነት ሦስት ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ክንፉን በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ያህል ያርገበግባል። መጋቢውን ማዘጋጀት ቀላል ነው፤ አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር በአራት ኩባያ ውሃ ይበጠብጡ፣ ቀለም አይጨምሩ፣ በሙቀት ወራት በየሁለት በየሦስት ቀኑ አጥበው ይለውጡ። እንግዳ በማር ማስተናገድ ልማዳችን ቢሆንም ብርዝ አያቅርቡለት፤ በማር ውሃ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ይገድለዋል። ሞናርክ የተባለችው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ደግሞ እንቁላሏን የምትጥለው ሲሰበር ነጭ ወተት በሚያወጣው ሚልክዊድ ላይ ብቻ ነው። ቆላ ያደገ ሰው ከዚያው ቤተሰብ የሆነውን ጦቢያው አይቶ ይሆናል፤ በጦቢያው ላይ የምታድገው የኛዋ ብርቱካናማ ቢራቢሮም የሞናርክ የቅርብ ዘመድ ናት። የኦገስት መጨረሻዎቹ ሞናርኮች ግን እንደ እናቶቻቸው እዚህ አይራቡም፤ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች ይጓዛሉ።

ሲመሽ በረንዳዎ ላይ ይቀመጡና መብራቱን ያጥፉ። በጁንና በጁላይ ሣሩ ላይ ብልጭ የሚሉት ፋየርፍላይ የሚባሉ ጥንዚዛዎች ናቸው። እየበረረ ወደ ላይ የሚታጠፍ የብርሃን መስመር የሚስለው ወንዱ ነው፤ በየስድስት ሰከንዱ ያህል ይደግመዋል። ሴቷ ሣር ላይ ተቀምጣ፣ ቆጠር አድርጋ በአንድ ብልጭታ ትመልስለታለች። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ምልክት አለው፤ ይህን የምታውቅ የሌላ ዝርያ ሴት ደግሞ ምልክቱን አስመስላ እየመለሰች የመጣውን ወንድ ትበላዋለች። የበረንዳ መብራት ሲበራ ግን ጠሪና ተጠሪ አይተያዩም። እጮቹ አንድ ሁለት ዓመት ከአፈርና ከቅጠል ሥር ቀንድ አውጣና ትል እየበሉ ስለሚኖሩ፣ በኖቬምበር የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠርገው በከረጢት ከማውጣት ይልቅ ከአጥሩ ሥር ጥቂቱን ክምር ይተዉት።