ከሚዛን ተፈሪ የወረደው ውሃ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በክረምት የተጓዘ ሰው የውሃ እጥረት የሚባል ነገር ይረሳል። ከቡናው ጥላ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፣ ከየድልድዩ በታች ወንዝ ያጓራል። ጀልባ ግን አይታይም። ጊሎ ወንዝም አኮቦ ወንዝም የሚነሱት ከዚሁ ደጋ ነው። ወደ ጋምቤላ ሜዳ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ፋታ አይሰጣቸውም፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተሙ፣ አረፋ እየደፈቁ ነው የሚሄዱት። ለቀዘፋ የሚመቹት ሜዳው ላይ ደርሰው ሲረጋጉ ነው። የቡናው አገር የጀልባ ታሪክም የሚገኘው እዚያው፣ ከቁልቁለቱ በታች ነው።

ታሪኩ ግን የባሮ ነው፤ ጌባና ብርብር የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ። ባሮ በኢትዮጵያ የእንፋሎት መርከብ አዘውትሮ የተመላለሰበት ብቸኛ ወንዝ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ይፈቅድ ነበር፤ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወስኗል። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በኩል ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ገደሉን ወርዶ ወደቡ ላይ ይከመራል። መርከቡ በባሮ፣ ከዚያ በሶባት፣ ከዚያም በነጭ ዓባይ አድርጎ ካርቱም ያደርሰዋል። ሲመለስ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብቻ ነበር፤ በበጋ ውሃው ስለሚጎድል ወደቡ ጭር ይላል። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ባሮ ይሞላል፣ ባሮ ሲሞላ ቡናው ይጓዛል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1936 በኢጣሊያ እጅ ገባ፣ በ1941 ነጻ ወጣ፣ ሱዳን ነጻነቷን ስታገኝ ደግሞ በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ፤ ዛሬ የቴፒም የበበቃም ምርት በጭነት መኪና ነው የሚወጣው።

በሌላ አገር ንግዱ ያለቀበት ውሃ የመዝናኛ ውሃ ሆኗል። በደቡብ ፈረንሳይ ያለው ካናል ዱ ሚዲ ከ1666 እስከ 1681 የተቆፈረ፣ 240 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውሃ መንገድ ነው። እህልና ወይን ጠጅ ሲያጓጉዝ ኖሮ ባቡርና መኪና ሥራውን ቀሙት። አልተተወም፤ ቤተሰብ ጀልባ ተከራይቶ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ፣ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ ይንሸራሸርበታል። ከፍታ ሲያጋጥም ጀልባዋ በሁለት የውሃ በሮች መካከል ባለ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፤ የኋላው በር ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቃል፣ ጀልባዋ ቀስ እያለች ከነተሳፋሪዋ ወደ ላይ ትነሳለች፣ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። ለጭነት ተብሎ የተሠራው በር ዛሬ ሽርሽረኛ ያሳልፋል። በባሮ ይህ ሁለተኛው ምዕራፍ አልተጻፈም። እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ቀዛፊ ግን አልጠፋም። ጋምቤላ ላይ አመሻሽ ወደ ባሮ ዳር የወረደ ሰው ከአንድ ግንድ ተቦርቡራ የተሠራች ታንኳ ያያል፤ ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ የወንዙን ወለል እየገፋ፣ ታንኳዋን ሳያናውጥ ወዲያ ማዶ ይሻገራል። አኙዋኮች ይህን ሙያ ከልጅነት ጀምረው ያውቁታል። አዞው የት እንደሚተኛ፣ አሸዋው የት እንደተቆለለ የሚያውቅ ሰው ማለት አስጎብኚ ማለት ነው።

የአገሪቱ ሌላው የውሃ ላይ ጉዞ ከዚህ ሩቅ ነው። ጣና ላይ ለዓመታት መርከብ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ፣ በመንገድ ቁንዝላ ላይ እያደረ፣ ሰውም ጭነትም ሲያመላልስ ቆይቷል። የደንገል ታንኳውም አለ፤ ውሃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንመለስ፣ ከከፋ በኩል የሚመጣው ጎጀብ ወንዝ ኦሞ ውስጥ ይገባል። ኦሞን እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካውያን ወጣቶች በጎማ ጀልባ ወርደውት ነበር፤ ያ ጉዞ ዕረፍት ሳይሆን ከጉማሬና ከኃይለኛ ውሃ ጋር ትግል ነበር። አሁን በዚሁ ወንዝ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል፤ በዳውሮ ያለው ሃላላ ኬላ ሎጅም የተሠራው ይህን ውሃ ተማምኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ስለ ጀልባ ሲያስብ በቅድሚያ ወደዚህ ማየቱ ትክክል ነው።

ለቴፒ ሰው የሚቀርበው ግን ቢሻን ዋቃ ነው፤ በመዠንግር ዞን በደን የተከበበ ትንሽ ሐይቅ። እንዲህ ላለ ውሃ ሞተር አያስፈልግም፤ መቅዘፊያ ይበቃዋል። ሞተር ቢገባ ጫጫታው ጦጣውንና ወፉን ያርቃል፣ ሰዉ ሊያይ የመጣውም እሱን ነው።

እንግዲህ ለሁለቱ ክልሎች፣ ለጋምቤላና ለደቡብ ምዕራብ፣ የቱሪዝም ቢሮዎች የምለው አለኝ። ሎጅና አስፋልት ይቆይ። ክረምት ወጥቶ ውሃው ሳይጎድል፣ ፀጥታው አስተማማኝ ሲሆን፣ ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ የምትወርድ አንዲት ጀልባ አዘጋጁ። ተንሳፋፊ ጃኬቱ በተሳፋሪው ልክ ይሁን፣ የወባው መከላከያ አይረሳ፣ ቀዛፊዎቹም የወንዙ ልጆች ይሁኑ፤ ገንዘቡም ለእነሱ ይድረስ። በጀልባዋ ላይ የሚፈላው ቡና ደግሞ ከቴፒ ይምጣ።