የዱባን ዘር ሳይደባለቅ ስለ መጠበቅ

ዱባ በጓሮ ሲዘሩት የማያስቸግር አትክልት በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ፍሬውን ይወዳል እንጂ ለዘሩ አይጨነቅም። ዳሩ ግን የዱባ ዘር በአንድ ዓመት ቸልታ የሚጠፋ ርስት ነው። እኔም ይህን የተረዳሁት ከእናቴ የተቀበልሁትን ዘር ከገበያ ከገዛሁት አጠገብ በዘራሁ ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ፍሬው እንደ ቀድሞው መልካም ነበረ፤ ከዚያ ፍሬ ዘር በሚቀጥለው ዓመት የበቀለው ግን መልኩም ጣዕሙም ተለወጠ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዱባ ሐረግ ወንዴውንና ሴቴውን አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ ሴቴዋ ከአበባዋ በታች ትንሽ ፍሬ በመያዝዋ ትታወቃለች። ንብም የወንዴውን ዱቄት ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ታደርሳለች።

በውጭ አገር ዘራቸው ተጠብቆ የቆየ ድንቅ ዱባዎች አሉ። በኢጣልያ በቬኒስ አጠገብ የኪዮጃ ዱባ ቆዳው አረንጓዴና ኪንታሮታም ነው፤ የአውስትራሊያው ጃራዴል ግራጫማ ሰማያዊ ነው። በአሜሪካም ጄምስ ግሪጎሪ የተባለ የዘር ነጋዴ በ19ኛው መቶ ዓመት አንዱን ዱባ ለሕዝብ ባስታወቀ ጊዜ፣ ስለ ዱባው ጥሩነት ለቤተሰቡ በነገረች በኤልዛቤት ሃባርድ ስም ሰየመው። ሦስቱም የአንድ ወገን ስለ ሆኑ በአንድ ጓሮ ቢዘሩ ይዳቀላሉ።

እንግዲህ ዘሩን ለመጠበቅ የሚሻ ሰው በማግሥቱ ሊከፈቱ የደረሱትን ወንዴና ሴቴ አበቦች ማታ በክር ይሰር። ጧት ወንዴውን ቆርጦ፣ የአበባውን ቅጠል ገፎ፣ ዱቄቱን በሴቴዋ መካከል ያስነካ፤ ወዲያውም ሴቴዋን መልሶ ይሰር። በፍሬውም አንገት ላይ ምልክት ያድርግ።

ዱባው ቆዳው ጠንክሮ ጥፍር የማይበሳው ሲሆን፣ ከእጀታው ጋር ይቈረጥ። 10 ቀን ያህል ሙቀትና ነፋስ ባለበት ደረቅ ስፍራ ከሰነበተ በኋላ በጎተራ ቢቀመጥ ለብዙ ወር ይቆያል። ለዘር የተለየውም ፍሬ ሲከፈት፣ ዘሩ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ።

በመጨረሻም በዘሩ ከረጢት ላይ ስሙንና ዓመቱን መጻፍ ይገባል። እኔ በሥራዬ የሌላውን ሰው ጉዳይ ሁሉ በመዝገብ ስጽፍ የእናቴን ዘር ሳልጽፍ ቀረሁ፤ አሁንም ብፈልገው አላገኘሁትም። ስለዚህ በቤታችሁ የአያት ዘር ያላችሁ ሁሉ ዘንድሮ ጠብቁት፤ ለጎረቤትም ጥቂት አካፍሉ፤ ከአንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይገኛልና።