ጋዝ የሚያድን አልትራሳውንድ

አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረኝ ጋዝ ነው። «እማማ፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» እላለሁ፤ ሆዳቸውን ጄል ቀብቼ ፕሮቡን ሳሳርፍ ግን አንጀት ውስጥ አየር ካለ ቆሽት አይታየኝም። ድምፁ አየር ላይ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል፤ ከአየሩ ጀርባ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው።

የባትሪ ተመራማሪዎች ደግሞ የሚያድኑት ይህንኑ ጨለማ ነው። ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ከተማ የሚገኘው የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲው የጄፍ ዳን ቡድን ከቻይና ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው ጥናት ጠፍጣፋ የሊቲየም ባትሪ ሲሊኮን ዘይት ውስጥ ይጠልቃል። በአንድ ጎኑ ድምፅ ይላካል፣ በሌላው ጎን ይቀበሉታል፤ ባትሪው ነጥብ በነጥብ ይቃኛል። ዘይቱ የእኔን ጄል ሥራ ይሠራል። ኤሌክትሮላይት የሚባለው ፈሳሽ ያራሰው ቦታ ድምፁን ያሳልፋል፤ ደረቅ የቀረው ወይም ጋዝ ያቆረው ያግደዋል።

ይህ ለፋብሪካ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪ የሚሠራው በጣም ስስ ንጣፎችን ደራርቦ ፈሳሽ በመጨመር ነው፤ ፈሳሹ በየቀዳዳው እስኪሰርግ ደግሞ ለሰዓታት ይጠበቃል። ሳይርስ የቀረ ቦታ ሥራውን ስለማይሠራ ዙሪያው ያለው ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ ሊቲየምም እዚያ ብረት ሆኖ ሊጋገር ይችላል። ኤክስሬይ የብረቱን አቀማመጥ አጥርቶ ያሳያል፣ የፈሳሹን መራስ ለማየት ግን ደካማ ነው። ከሁሉም የገረመኝ ብዙ ጊዜ ተሞልተው የተራገፉ ባትሪዎች ምስል ነው፦ ርሶ የነበረው ቦታ መልሶ ደርቋል።

ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የዳን ስታይንጋርት ቡድን ባትሪው ሲሞላና ሲራገፍ ድምፅ የሚያልፍበት ጊዜ እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ሊቲየም ሲገባበት በባትሪው ውስጥ ያለው ግራፋይት ይጠነክራልና። ሙቀትም የድምፁን ፍጥነት ስለሚለውጥ አብሮ መለካት አለበት።

በ2016 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ያንቺ መሣሪያ የመኪናዬን ባትሪ አያይልኝም?» ይሉኛል። አያይም። ሴል የሚባሉት ትንንሽ ባትሪዎች ሳጥን ውስጥ ታሽገዋል፣ በመካከላቸውም አየር አለ። መመርመር ያለባቸው ሳጥኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ ፋብሪካው ላይ ነው፤ ያውም ናሙና ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሴል። ለናሙና የተከፈተ ሴል ይጣላል፤ ድምፅ ያለፈበት ግን ምንም ሳይጎዳ ወደ መስመሩ ይመለሳል።